የሚነካው ማን ነው?

«ይሄ ማሽን መብራት ያጠፋል።»

የልብስ ማጠቢያ ማሽን ባለበት ቤት ይቺ ዓረፍተ ነገር አንዴ ከተነገረች ክርክር የለም። ተከሳሹ ታውቋል። ሲሰካ መብራት ይጠፋል፣ ሲነቀል ይመጣል፤ ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? የቀረው ፍርዱን ማስፈጸም ነው። ወይ ማሽኑ ይሸጣል፣ ወይ ሰው ተጠርቶ «ያስተካክለዋል»። ማስተካከል ሲባል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መብራቱ ሁለተኛ እንዳይጠፋ ማድረግ ማለት ነው።

ዓረፍተ ነገሯን ግን ትንሽ እንመርምራት። መብራቱን ያጠፋው ማሽኑ አይደለም፤ ብሬከሩ ነው። ማሽኑ አንድ ነገር አደረገ፣ ብሬከሩ ያንን አይቶ «በቃ» አለ። ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ ሊመስል ይችላል። ሆኖም ከዚያ በኋላ የምናደርገውን ሁሉ የሚወስነው እሱ ነው። ችግሩ የመብራቱ መጥፋት ነው ካልን መፍትሔው መብራቱ እንዳይጠፋ ማድረግ ይሆናል፤ ይሄ ደግሞ ላወቀበት የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ችግሩ መብራቱን ያስጠፋው ነገር ነው ካልን ግን ገና ፍለጋ አልጀመርንም።

ፍለጋው የራሱ ትምህርት አለው፤ እሱንም እናየዋለን። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ከፍለጋው ጋር ተጣብቆ የሚመጣ አንድ የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው፦ ማስጠንቀቂያ ሲያስቸግረን ዝም የማሰኘት መብቱ የማን ነው?

የማትረሳ ሒሳብ ያዥ

በብሬከር ሳጥን ውስጥ ሁለት ዓይነት ዕቃ ሊኖር ይችላል። አንደኛው ሁላችንም የምናውቀው ተራው ብሬከር ነው። ምጣድና ምድጃ በአንድ መስመር ተሰክተው ሽቦው ከሚችለው በላይ ሲጫን፣ ወይም ፌዝና ኒውትራል ሲነካኩ ይጥላል። ሥራው ሽቦው ግሎ ቤቱን እንዳያቃጥል መጠበቅ ነው። 16 አምፔር የተጻፈበት ብሬከር፣ ሰው ለመግደል የሚበቃ ከረንት ቢያልፍ ምንም አይሰማውም። ለሱ ኢምንት ነው።

ሁለተኛዋ ትንሽ የመሞከሪያ ቁልፍ ያለባት ናት። ባለሙያዎቹ አርሲዲ ይሏታል። የሷ ሥራ መቁጠር ነው። በፌዝ ወደ ቤት የገባው ከረንት በሙሉ በኒውትራል ተመልሶ መውጣት አለበት። የገባውና የወጣው እኩል ካልሆነ የጎደለው በሌላ መንገድ ሄዷል ማለት ነው፦ በማሽኑ ቆርቆሮ፣ በእርጥብ ግድግዳ፣ ግራውንድ በምንለው የመሬት ሽቦ፣ ወይም በሰው። የት እንደሄደ አታውቅም። የምታውቀው ሒሳቡ አለመግጠሙን ብቻ ነው። ካዝናው ጎደለ ትላለች እንጂ ሌባው እከሌ ነው አትልም።

በቤት ውስጥ ሰውን እንድትጠብቅ የምትገጠመው ላይ የሚጻፈው ቁጥር 30 ሚሊ አምፔር ነው። ትንሽነቱን ለማየት፦ የአንድ ልብስ ማጠቢያ ማሞቂያ 2000 ዋት ቢሆን በ220 ቮልት 9 አምፔር ገደማ ይወስዳል። 30 ሚሊ አምፔር የዚያ ሦስት መቶኛ እጅ ነው። ከሦስት መቶ ብር አንድ ብር ብትጎድል ሥራ አቁሙ የሚል ሒሳብ ያዥ እንደማለት ነው።

ለምን ይሄን ያህል ጥንቁቅ ሆነች? መልሱ ከሰው ሰውነት የመጣ ነው። ቻርልስ ዳልዚኤል የተባለ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የኤሌክትሪክ ምህንድስና ፕሮፌሰር ፈቃደኛ ሰዎችን ሽቦ እያስያዘ አንድ ነገር ለካ፦ ሰው የያዘውን ሽቦ በራሱ ፈቃድ መልቀቅ የሚያቅተው ስንት ላይ ነው? «መብራት ያዘው» የምንለው ነገር እውነተኛ ስም ነው፤ የእጅ ጡንቻ ይኮማተርና ጣት አልከፈት ይላል። በዳልዚኤል ልኬት አማካዩ ለወንዶች 16፣ ለሴቶች 10.5 ሚሊ አምፔር ሆነ። እሱው ራሱ እ.ኤ.አ. በ1961 ልዩነት ቆጥሮ የሚቆርጥ መሣሪያ ሠራ። ከሱ ቀደም ብሎ በ1950ዎቹ አጋማሽ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ለወርቅ ማውጫ ጉድጓዶች ተመሳሳይ ሐሳብ ተሞክሮ ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ተጠባቂዎች መካከል ጉድጓድ ውስጥ የሚሠሩ የጉልበት ሠራተኞች ነበሩ ማለት ነው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ።

አስተዋይ አንባቢ 30 ከ16ም ከ10.5ም እንደሚበልጥ ያያል። ልክ ነው። ይቺ ዕቃ «አትነዘርም» ብላ ቃል አትገባም። ቃሏ «ብትነዘርም፣ ከረንቱ ልኬ ከደረሰ ከሰኮንድ ክፍልፋይ አይበልጥም» የሚል ነው። ከዚያ በጣም ዝቅ ብትደረግ ደግሞ በእርጥበትና በጥቃቅን ነገር ሁሉ እየጣለች ታስመርራለች፤ ያስመረረች ዕቃ ደግሞ ተነቅላ ትጣላለች። ስለዚህ 30 የምትለዋ ቁጥር ውስጥ የሰው ልብ ብቻ ሳይሆን የሰው ትዕግሥትም ተሰልቷል። ቁጥሯ ድርድር ናት።

ያልተጠየቀችው

አዲስ አበባ፣ አንድ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ። የአክስቴ ቤት ነው። የተጠራሁት ሁለት ሰው ከሞከረ በኋላ ነበር። የኔ ሙያ ሶፍትዌር ነው፤ ለአክስቴ ግን ኢንጂነር ኢንጂነር ነው። «አንተ ልጅ፣ ያን ሁሉ ዓመት የተማርከው ለመቼ ሊሆን ነው?» አለችኝ። አክስቴ ለአንዳንድ ደንበኞች እንጀራ ትጋግራለች። መብራቱ ሲጠፋ ምጣዱ ላይ ያለው እንጀራ መሀል ላይ ይቀራል፤ ምጣዱ ይቀዘቅዛል፤ ሊጡ ይጠብቃል፤ ደንበኛው አይጠብቅም። ማለቴ፣ ማስጠንቀቂያው ዋጋ ያስከፍል ነበር። ይሄን ሳይቆጥሩ ስለ ደኅንነት መስበክ ቀላል ነው።

ጎረቤት «ሽጪው» ብሏታል። መብራት ሠሪው ደግሞ ሳጥኑን ከፍቶ አይቶ፣ «እትዬ፣ የምታስቸግርዎት ይቺ ናት። ብዙ ቤት እኮ የለችም። ላውጣትና ዳይሬክት ላርገው» ብሏታል። አንደኛው ማሽኑን ከሰሰ፣ ሌላኛው ቆጣሪዋን። ሁለቱም ፍርድ እንጂ ጥያቄ አልነበራቸውም።

ጥያቄው «መቼ ነው የሚጥለው?» የሚል ነው። የልብስ ማጠቢያ ሥራውን በተራ ስለሚሠራ፣ መቼ እንደሚጥል ማወቅ የት እንደሚያፈስ የማወቅ ግማሽ ነው። ገና ሲሰካ ከጣለ ጥርጣሬው ወደ ገመዱ፣ ወደ ሶኬቱና መግቢያው ላይ ወዳለው ፊልተር ይሄዳል። ውሃ መሙላት ሲጀምር ከጣለ ወደ ውሃ ማስገቢያው ቫልቭ። ሞልቶ የተወሰነ ደቂቃ ከሠራ በኋላ ከሆነ ወደ ማሞቂያው። በርሜሉ ሲሽከረከር ከሆነ ወደ ሞተሩ፤ አንዳንድ ሞተር ውስጥ ያለው ካርቦን እያለቀ ሲሄድ ብናኙ ከረንት ያሳልፋል። ውሃ ሲያፈስ ከሆነ ወደ ፓምፑ። በኃይል ሲጨምቅ ብቻ ከሆነ ደግሞ በንዝረት ቆርቆሮ እየነካ የተላጠ ሽቦ ወይም ከበሩ ጎማ የሚንጠባጠብ ውሃ ይፈለጋል።

አክስቴን «መቼ ነው የሚጥለው?» አልኳት።

«ሲያጥብ ነዋ! ሌላ መቼ ይጥላል?»

መልሱን የምታውቀው ሌላ ሰው ነበረች። ልብሱን የምታጥበው፣ እዚያው ቤት የምትሠራው ልጅ፣ በሩ አጠገብ ቆማ ስትሰማ ቆየችና «ጋሼ፣ ውሃ ሞልቶ ትንሽ ዞር ዞር ካለ በኋላ ነው» አለች። «ሳይጨምቅ ገና። በቀዝቃዛ ሳደርገው ደህና ነው። ደግሞ ጠዋት ጠዋት ነው የሚብሰው። ከሰዓት አንዳንዴ ይጨርሳል።»

ምርመራው በሦስት ዓረፍተ ነገር አለቀ ማለት ይቻላል። ውሃ ከሞላ በኋላ፣ በሙቅ ብቻ፣ ጠዋት ይብሳል። ይሄን ሁሉ ከተመለከተች ሁለት ወር ሆኗታል። ማንም አልጠየቃትም። ጎረቤቱም መብራት ሠሪውም የተነጋገሩት ከባለቤቷ ጋር ነበር፤ ባለቤቷ ደግሞ ማሽኑን አትነካውም።

ማሞቂያው እንዲህ ነው የሚያፈሰው፦ ከብረት ቱቦ ውስጥ የሚግል ቀጭን ሽቦ አለ፤ በሽቦውና በቱቦው መካከል ማግኒዥየም ኦክሳይድ የተባለ ነጭ ዱቄት ታጭቋል። ዱቄቱ ሙቀት ያሳልፋል፣ ከረንት ግን አያሳልፍም፤ ደረቅ እስከሆነ ድረስ። ቱቦው በዝገት ወይም በውሃ ጨው ተበልቶ ስንጥቅ ካወጣ ዱቄቱ እርጥበት ይጠጣል። እርጥበት የጠጣ ዱቄት ትንሽ ትንሽ እያደረገ ከረንቱን ወደ ቱቦው፣ ከቱቦው ወደ ማሽኑ አካል ያሳልፋል። ማሽኑ ይሠራል፤ ልብሱ ይታጠባል፤ ውሃው ይሞቃል። ምንም የተበላሸ ነገር አይመስልም።

መብራት ሠሪው ማሞቂያውን በመልቲሜትር ለክቶት «ደህና ነው» ብሎ ነበር። አልዋሸም። ተራ መልቲሜትር የሚለካው በትንሽ ባትሪ ቮልቴጅ ነው፤ 220 ሲጫነው የሚያፈስ ነገር በ9 ቮልት ሲጠየቅ ዝም ሊል ይችላል። ለዚህ ዓይነት ፍተሻ የሚሆነው በ500 ቮልት የሚጫን ሜገር የሚባለው መለኪያ ነው። ከሶፍትዌር ሥራ የማውቀው ነገር ነው፦ «እኔ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው፤ ችግሩ እሱ ኮምፒውተር ላይ ሸክም የለም።

አሥራ አራት ሲደመር ስምንት

ማሞቂያው ተጠርጣሪ ሆነ። ግን «ጠዋት ይብሳል» የሚለው ነገር አልተመለሰም። ማሞቂያው ጠዋትና ከሰዓት ለይቶ አያውቅም።

በዚህ ሥራ አንድ ደንብ አለ፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይር። ሁለት ነገር ቀይረህ ችግሩ ከጠፋ የቱ እንደነበረ አታውቅም። ስለዚህ ከአንድ ወዳጄ ሚሊ አምፔር የሚለካ ክላምፕ ተውሼ የቤቱን ዕቃ አንድ በአንድ እየሰካን ለካን። ማሽኑ ማሞቂያው ሲበራ 14 ገደማ። የመታጠቢያ ቤቱ ቦይለር 8። ምጣዱ፣ ፍሪጁና ቀሪው ሁሉ ተደምሮ 3። ጠዋት ላይ ቦይለሩ ለሻወር ይበራል፣ ምጣዱ ይጣዳል፣ ልብሱ ይጀመራል፤ ድምሩ 25 ይደርሳል። 30 ተብሎ የተጻፈባት ዕቃ በደረጃው መሠረት ከ15 በታች መጣል የለባትም፣ 30 ላይ ደግሞ የግድ መጣል አለባት፤ በመካከሉ ግን የትም ላይ ልትጥል ትችላለች። የአክስቴ ቤቷ 25 ሳይደርስ ትጥል ነበር።

ማሞቂያውን ነቅለን ማሽኑን በቀዝቃዛ ስናስነሳው አልጣለም። ማሞቂያውን መልሰን ቦይለሩን ስናጠፋም አልጣለም። ሁለቱ ሲበሩ ጣለ።

«እና ጥፋተኛው የቱ ነው?» አለች አክስቴ።

«ሁለቱም።»

መልሱ አላረካትም። እውነት ለመናገር ማንንም አያረካም። ጥፋተኛ አንድ ሲሆን ነው የሚቀለው። ቦይለሩ ቀድሞ ስለሚበራ፣ ሲጥል የሚታየው ሁልጊዜ ማሽኑ ነው። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ፣ መጨረሻ ላይ የደረሰ ሁሉንም ይሸከማል።

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ዴሬክ ፓርፊት እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው «ሪዝንስ ኤንድ ፐርሰንስ» መጽሐፉ ይሄን የመሰለ ነገር አንስቷል። አንድ ሺህ አሰቃዮች አሉ እንበል፤ አንድ ሺህ ሰዎች ታስረዋል። እያንዳንዱ አሰቃይ ቁልፍ ሲጫን የእያንዳንዱ እስረኛ ሕመም ሊሰማ በማይችል መጠን ብቻ ይጨምራል። ሁሉም ሲጫኑ ግን ሕመሙ ከባድ ይሆናል። እያንዳንዱ «እኔ ማንንም አልጎዳሁም፤ የኔ ድርሻ አይሰማም» ሊል ይችላል። ፓርፊት ይሄን የሞራል ስሌት ስህተት ይለዋል፦ የአንድ ሰው ድርጊት ለብቻው ባይሰማም፣ ተደምሮ ሰው ከሚጎዳ ክምር አንዱ በመሆኑ ብቻ ጥፋት ሊሆን ይችላል።

የአክስቴ ቤት ከፓርፊት ምሳሌ የምትለየው ቆጣሪ ስላላት ነው። በፓርፊት ዓለም ድምሩን የሚናገር የለም። እዚህ ግን ሳጥኑ ውስጥ የተቀመጠች ትንሽ ዕቃ ድምሩን ይዛ ትጠብቃለች፤ ስምንቷንም፣ አሥራ አራቷንም፣ የምጣዱን ጥቂትም አትረሳም። ማኅበር፣ መሥሪያ ቤት፣ ቤተሰብ እንዲህ ያለ ቆጣሪ ሲኖረው ዕድለኛ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ዕድሉን እንደ መርገም ነው የምናየው።

ዝም ማሰኘት

አሁን ወደ መብራት ሠሪው ሐሳብ እንመለስ። ክፉ ሰው አልነበረም። የተከፈለው «መብራቱ እንዳይጠፋ አድርግልኝ» ተብሎ ነው፤ የተጠየቀውን መለሰ። አማራጩም ሁለት ነበር፦ ወይ አርሲዲዋን አውጥቶ መስመሩን ቀጥታ ማድረግ፣ ወይ የማሽኑን ግራውንድ መቁረጥ። ሁለቱም ይሠራሉ። ይሄ ነው አስፈሪው፤ ሁለቱም በደንብ ይሠራሉ።

ግራውንዱ ሲቆረጥ ምን እንደሚሆን ቀስ ብለን እንየው። ማሞቂያው ማፍሰሱን አላቆመም። ነገር ግን ያፈሰሰው የሚሄድበት መንገድ ጠፋ። ከረንት መሄጃ ካጣ አይሄድም፤ የማሽኑ አካል ላይ ቮልቴጅ ሆኖ ይቆማል። የጎደለ ስለሌለ ቆጣሪዋ «ሒሳቡ ልክ ነው» ትላለች፤ እውነቷን ነው። ቤቱ ጸጥ ይላል። ምጣዱ አይቋረጥም። ማሽኑ ግን አሁን አንድ ነገር እየጠበቀ ነው፦ መንገድ የሚሆነው ሰው። እርጥብ የመታጠቢያ ቤት ወለል ላይ በባዶ እግሯ የቆመች ልጅ በሩን ለመክፈት እጇን ስትዘረጋ፣ የተቆረጠውን ሽቦ ቦታ የምትይዘው እሷ ናት። አርሲዲዋ ካለች፣ ፍሳሹ ልኳ ከደረሰ በዚያች ቅጽበት ትቆርጣለች። እሷም ወጥታ ከሆነ ግን የሚቆርጥ የለም፤ ተራው ብሬከር እንደሆነ አይሰማውም ብለናል።

እዚህ ላይ «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚለው ተረት ይታወሰኛል። ማሞቂያ መቀየር ብር ይፈልጋል፣ ማሽን መፍታት ይፈልጋል። ቆጣሪዋ ግን እጅ ላይ ናት፤ በአንድ ጠመንጃ መፍቻ ትወጣለች። በመሥሪያ ቤትም እንደዚሁ ነው። ሒሳቡ አልገጠመም የሚለው ሠራተኛ «ሥራ የሚያደናቅፍ» ይባላል፤ እሱ ሲዛወር ሥራው ይቀላጠፋል። እኛ ሶፍትዌር ሠሪዎችም ከዚህ ነፃ አይደለንም። ፕሮግራሙ ስህተት ሲያገኝ እንዳይጮህ ውጠህ አልፈው የሚል ሁለት መስመር ኮድ መጻፍ ቀላል ነው። ገጹ ይከፈታል፣ አለቃ ይደሰታል፤ የሆነ ደንበኛ ገንዘብ የት እንደገባ ሳይታወቅ ይቀራል።

ለመንቀል የሚቀርቡ ክርክሮች ባዶ አይደሉም። አንደኛው «ያለሷ ኖረናል» የሚለው ነው። እውነት ነው፣ ብዙ ቤት ያለሷ ኖሯል። ነገር ግን ያ ቤት ውሃና 2000 ዋት አንድ ሳጥን ውስጥ አልከተተም ነበር፤ ከዚያም በላይ «ኖረናል» የሚለውን መናገር የሚችለው የኖረው ብቻ ነው። ሁለተኛው ክርክር ይከብዳል፦ አላስፈላጊ ቦታ ሁሉ የምትጥል ማስጠንቀቂያ መጨረሻ ላይ ሰሚ ታጣለች። ይሄ ልክ ነው፤ ከዚህም የሚከተል ግዴታ አለ። ማስጠንቀቂያን ማክበር ማለት በጣለች ቁጥር እየተነሱ መመለስ አይደለም። ጥቃቅኑን ፍሳሽ እያጸዱ፣ ስትጥል እንድትታመን ማድረግ ነው። በየቀኑ ጥላ በየቀኑ የምትመለስ ብሬከር ገና ሳትነቀል ተነቅላለች።

ሦስተኛው ክርክር የአክስቴ ነበር። «የራሴ ቤት ነው፤ ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ» አለች። ይሄኛው ላይ ብዙ አስቤያለሁ። ሰው በራሱ ሕይወት ላይ አደጋ የመምረጥ መብት አለው፤ ተራራ የሚወጣ፣ ሞተር ሳይክል የሚነዳ አለ። አክስቴ ብቻዋን ኖራ፣ ልብሷን ራሷ አጥባ ቢሆን ኖሮ እመክራታለሁ እንጂ አልከራከራትም ነበር። ግን ማሽኑን የምትነካው እሷ አይደለችም። «ኃላፊነቱን እወስዳለሁ» የሚል ሰው ወቀሳውን ሊወስድ ይችላል፤ ካሳውን ሊወስድ ይችላል፤ ጸጸቱንም ሊወስድ ይችላል። ከረንቱን ግን ሊወስድ አይችልም። ከረንቱ የሚያልፈው በነካው ሰው ነው።

«ልጅቷን ጠይቂያትና እሺ ካለችስ?» ይባል ይሆናል። እሺ ትላለች። «ምን ችግር አለው እትዬ» ትላለች። የወር ደሞዟና ማደሪያዋ እዚያ ቤት ነው፤ የምትስማማበት ነገር ምን እንደሆነም አልተነገራትም። እምቢ የማለት አቅም የሌለው ሰው እሺታ ብዙ አይመዝንም። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት የሚባለው ተረት ጨካኝ ሰዎችን ብቻ የሚመለከት ይመስለኝ ነበር። አሁን የሚመስለኝ ግን ጭካኔ ሳይኖር፣ ቁስሉ የማን እንደሆነ ሳይታይ ብቻ፣ እንጨቱ እንደሚሰደድ ነው።

ካልጣለስ?

የተደረገው ቀላል ነበር። አዲስ ማሞቂያ የሚገዛበት ብር እስኪገኝ የማሞቂያው ሁለት ሽቦ ተነቅሎ ጫፉ በደንብ ተሸፈነ፤ ሦስት ሳምንት በቀዝቃዛ ታጠበ። ይሄ ዝም ማሰኘት አይደለም፤ የቀነስነው ፍሳሹን ነው፣ ቆጠራውን አልነካንም። ከዚያ ማሞቂያው ተቀየረ። መብራቱ መጥፋት አቆመ። ምጣዱ ሰላም አገኘ።

የጉዳዩ ዋና ፈተና የመጣው ግን ከዚህ በኋላ ነው። የማሽኑ 14 ሲወጣ የቤቱ ድምር 11 ሆነ። አርሲዲዋ ለ11 አትጥልም፤ መጣልም የለባትም። የቦይለሩ 8 ሚሊ አምፔር ግን እዚያው ነው። የሚጠፋ መብራት የለም፣ የሚቋረጥ እንጀራ የለም፣ የሚያማርር የለም። ያስጨነቀን መብራቱ ብቻ ከነበረ ሥራው አልቋል። ያስጨነቀን ፍሳሹ ከነበረ ግን ግማሹ ይቀራል፤ የማስጠንቀቂያ ዝምታ ነፃ የሚያወጣ ፍርድ አይደለም፤ «ገና ልኬ አልሞላም» ማለት ብቻ ነው።

ይሄን ለአክስቴ ስነግራት ክርክር ይነሳል ብዬ ነበር። ስለማይጥል ዕቃ ሁለተኛ ወጪ ማን ያወጣል? እሷ ግን «እንዴ! ልጆቼ በየቀኑ የሚታጠቡበት እኮ ነው!» አለችና በዚያው ሳምንት አስቀየረችው። አንድም ቀን መብራት ላላጠፋ፣ ከማሽኑ ያነሰ ለሚያፈስ ቦይለር።

አክስቴን ለመውቀስ አይደለም ይሄን የምጽፈው። ደግ ሴት ናት፤ ልጅቷንም እንደ ልጅ ነው የምታያት፣ ስትታመም ሐኪም ቤት የወሰደቻት እሷ ናት። ለዚህም ነው ነገሩ የሚያሳስበኝ። በ14 ላይ ሁለት ወር ተመካከርን፤ በ8 ላይ አንድ ሳምንት አልፈጀብንም። ልዩነቱ የቁጥር አልነበረም፣ የዕውቀትም አልነበረም፤ መለኪያው ያው ክላምፕ ነው። የተለየው ወዲያው ዓይናችን ላይ የመጣው እጅ ነው። ቦይለሩ ሲባል የልጆቿ ሰውነት ታያት። ማሽኑ ሲባል የታየን ማሽን ነበር።

ስለ አደጋ ስንወስን በመጀመሪያ የምንጠይቀው አብዛኛውን ጊዜ «ስንት ያስወጣል?» ወይም «ምን ያህል ያሰጋል?» የሚለውን ነው። ሁለቱም ጥሩ ጥያቄዎች ናቸው፤ ሁለቱም በቁጥር ይመለሳሉ። ከሁለቱ በፊት ግን በስም የሚመለስ አንድ ጥያቄ አለ፦ የሚነካው ማን ነው? መሰላሉ ላይ የሚወጣው ማን ነው? ፍሬኑ ያለቀውን መኪና ነገ ጠዋት የሚነዳው ማን ነው? የተዋጠው ስህተት የሚያርፈው በማን ሒሳብ ላይ ነው? ስሙ ከታወቀ በኋላ ደግሞ ቀጣዩ ሥራ ከባድ አይደለም። ሄዶ ያንን ሰው መጠየቅ ነው። ብዙ ጊዜ መቼ እንደሚጥልም ያውቃል።